ትልቅ ውሻ በጠባብ ኮንዶሚኒየም፦ መብረቅን ለሰው ሳልሰጥ እንዴት ላኑረው?

የቂጦ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ቂጦ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት እኖራለሁ። ወንድሜ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ውሻውን እኔ ተረከብኩ። ስሙ መብረቅ ነው። እናቱ ጀርመን ሼፐርድ፣ አባቱ የሐበሻ ውሻ፤ ዕድሜው 14 ወር፣ ክብደቱ 34 ኪሎ።

መብረቅ ክፉ ውሻ አይደለም። ሰው አይነክስም፣ ቤት ውስጥ አይጸዳዳም፣ ልጅ ሲያይ ጭራውን እየቆላ ይተኛለታል። ችግሩ ጉልበቱ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ማላዘን ይጀምራል፤ ጎረቤቶቼ እንደሚሉት እስከ ምሳ ሰዓት የሚዘልቅበት ቀን አለ። የሶፋውን እጀታ ግጦ እንጨቱን አውጥቶታል። ማታ ስገባ ደግሞ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ይከንፋል። አሁን ክረምቱ ገብቷል፤ የጅማን ዝናብና ጭቃ ለእናንተ አልነግርም። በዚህ ላይ የብሎካችን ኮሚቴ ስብሰባ ጠርቷል፣ አጀንዳው እሱ ነው።

«ግቢ ላለው ሰው ስጪው» የማይለኝ የለም። እኔ የማውቃቸው ባለ ግቢዎች ግን ውሻቸውን ቀን በሰንሰለት አስረው ማታ ብቻ ነው የሚለቁት። መብረቅ እንደዚያ ሲኖር ማሰብ አልችልም። በዚህ ስፋት ቤት ውስጥ እሱን የመሰለ ውሻ ደስ ብሎት መኖር ይችላል? እያሠቃየሁት ከሆነም በግልጽ ንገሩኝ።

ዳገት ወጪ
እህቴ፣ እኔ ከአጂፕ ወረድ ብሎ ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ትልቅ ውሻ ይዤ እኖራለሁ፤ ይቻላል። ቤቱ ለውሻ መኝታ ነው። ጤነኛ ትልቅ ውሻ ከ24 ሰዓቱ ግማሹን ያህል ይተኛል፣ ለመተኛት ደግሞ ሳሎንሽ ይበቃዋል። የሚያስጨንቀው የቀረው ሰዓት ነው።

ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት አውጪው። ጨለማ ሳለ ግን አትውጪ፤ የጅማ ጅብ እስኪነጋ ድረስ ከመንገድ አይጠፋም፣ ውሻ ደግሞ ለጅብ ምግብ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጥሩ ነው። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ዋናውን ጉዞ ጠዋት ላይ ጨርሺ፣ ማታ አጠር ያለ ይበቃዋል። ቅዳሜና እሁድ ወደ ጅሬን የሚወጣውን ዳገት ያዢ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግር መውጣት ለውሻም ለሰውም ነው፤ መኪናው ጥቂት፣ አየሩ ንጹሕ፣ የሚሸተተው ነገር ብዙ። ቦዬ ደስ ይላል ግን ከገመድ እንዳትፈቺው። ረግረጉ ጉማሬ ያለበት ነው፣ ወፍ ሲያባርር ውኃ ውስጥ ሊገባብሽ ይችላል። አዌቱንም አታጠጪው፤ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ ነው።

የሐሙስ ገበያ ላይ ረጅም ናይሎን ገመድ ግዢና ሰፊ ሜዳ ስትደርሺ ሰባት ስምንት ሜትር ያህል ልቀቂለት፤ በአጭር ማሰሪያ ከሚጎተት ሰዓት ይሄ ግማሽ ሰዓት ይሻለዋል። ገመዱን ከአንገቱ ሳይሆን ከደረት ማሰሪያ ጋር እሰሪው፣ ሮጦ ገመዱ ሲያልቅ አንገቱ እንዳይጎዳ። የመንደር ውሾች ከከበቧችሁ አትሩጪ። ቆም ብለሽ ድንጋይ እንደምታነሺ ጎንበስ በይ፤ አብዛኞቹ ይበተናሉ።

ማና ቡና
እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ፣ በቅንነት ተቀበይኝ። ማና ውስጥ የቡና ማሳ አለኝ፣ ውሾችም አሉኝ። ጦጣና ከርከሮ ሲያባርሩ ይውላሉ፣ ማታ ደጄ ላይ ይተኛሉ። አንድም ቀን ሶፋ ሲበሉ አላየሁም፣ ሥራ አላቸዋ! ውሻ መሬት ረግጦ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጥላ መርጦ የሚኖር ፍጥረት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ተዘግቶበት ሲውል ፍቅርሽ ለእሱ ምን ያደርግለታል? ሰንሰለት እንደምትጠዪ ገባኝ፣ ትክክል ነሽ፤ ግን በር የተዘጋበት ክፍልም ሰንሰለት ነው። የማያስር፣ ሰፊ ቦታ ያለው ሰው ፈልገሽ ብትሰጪው ለእሱ ነው የሚበጀው እላለሁ። እኔ ራሴ ልወስደው ፈቃደኛ ነኝ፣ አላስረውም።

ዳገት ወጪ
ማና ቡና፣ ያንተ ውሾች ደስተኞች የሆኑት ራስህ እንዳልከው ሥራ ስላላቸው ነው፤ ማሳው ስለሰፋ ብቻ አይደለም። ትልቅ ግቢ ውስጥ ብቻውን የሚውል ውሻም አጥር ለአጥር እየተመላለሰ አላፊ አግዳሚው ላይ ሲጮህ ይመሻል፣ በየሰፈሩ እናየዋለን። ሰውን ለለመደ ውሻ ባለቤት መቀየር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ወንድሟ ጥሎት ሄዷል፣ አሁን እሷም ልትሰጠው?

ሁለተኛ ዓመት
እኔ እዚያው ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ጋ ውሻ ነበረን፣ ናፍቆኛል። ቀን ላይ ክፍት ሰዓት ሲኖረኝ ላወጣልሽ እችላለሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም።

የእንስሳት ሐኪም
በሙያዬ የማውቀውን ልጨምር። እህቴ፣ «እያሠቃየሁት ነው ወይ» ላልሽው፦ የቤት ጥበት ብቻውን ውሻን አያሳምምም። ውሻን የሚያሳምመው እንቅስቃሴ ማጣት፣ ብቸኝነትና የተሳሳተ ምግብ ነው። ሦስቱም ሊስተካከሉ ይችላሉ።

መጀመሪያ አጥንቱ። የትልልቅ ውሾች አጥንት ማደጊያ የሚዘጋው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ መብረቅ ገና እዚያ ውስጥ ነው። «ይድከም» ብለሽ በአስፋልት ላይ ከብስክሌት ወይም ከባጃጅ ጎን አታስሩጪው፣ ከፍ ካለ ቦታም ደጋግመሽ አታዘልዪው። በተለይ የጀርመን ሼፐርድ ዘር የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የሚበዛበት ነው። ዳገት መራመድ፣ ሣር ላይ በራሱ ፍጥነት መሮጥ ጥሩ ነው። ደረጃውን በሩጫ ሳይሆን በእርጋታ ይውረድ። ቤትሽ ሴራሚክ ከሆነ የሚከንፍበት መስመር ላይ የማይንሸራተት ምንጣፍ ወይም የጎማ ንጣፍ አድርጊለት፣ ለእግሩም ለታች ጎረቤትም ይጠቅማል።

ምግቡን ምን እንደምትሰጪው አልጻፍሽም፣ ግን አብዛኛው ሰው የወጥ ትራፊና እንጀራ ነው የሚሰጠው። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራል፤ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ሲገባም ደም ማነስ ያመጣል። ለውሻው ለብቻ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ ከሥጋ ጋር ቀቅዪለት። ጅማ ስለሆንን ቡናንም ልጥቀስ፦ ፍሬውም፣ አተላውም ውስጥ ያለው ካፌይን ውሻን ይመርዛል፣ ልቡን ያስሮጣል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ረከቦቱ ከእሱ ይራቅ። የተቀቀለ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፣ አትስጪው።

ከሥጋ ቤት «ለውሻ» ተብሎ የሚሰጠውን ሳንባና ጉበት በጥሬው እንዳትሰጪው አደራ። አገራችን ከብቶች ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት በብዛት ይገኛል። ውሻው ያንን በጥሬው ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል ያፈራል፤ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፣ በእጅና በውኃ ወደ ሰው ገብቶ ተመሳሳይ ከረጢት ሰው ጉበት ላይ ይሠራል። በአንድ ክፍል አብራችሁ ስለምትኖሩ ይሄ ያንቺም ጤና ጉዳይ ነው። በደንብ አፍልተሽ ቀቅዪ። የትል መድኃኒቱን (ፕራዚኳንቴል ያለበትን) ሐኪም በሚነግርሽ ጊዜ ስጪው።

በቀን አንዴ ብዙ ከማብላት ጠዋትና ማታ ከፍለሽ አብዪው፣ ከበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ሆዳቸው ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ሆዱ ተወጥሮ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም የማይወጣው ከሆነ፣ መቆምም መተኛትም ካቃተው፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

የመጨረሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይታደሳል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 ከመቶው ያህል የሚያዙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም። ጎረቤት ቢፈራ ምክንያት አለው። የክትባት ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ስብሰባው ላይ አቅርቢ። ካርዱ ከሌለሽ ሳትውዪ ሳታድሪ አስከትቢው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፣ ባለሙያ አታጪም።

ኡሙ ሰላም
እኔ ውሻ ካለበት ብሎክ የምኖር ሰው ነኝ፣ የጎረቤቱን ወገን ላስረዳሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። ውሻ እንዲሠቃይ የምንፈልግ እንዳይመስልሽ። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው በዚያ ሥራው ምሕረት እንዳገኘ በሐዲስ ተነግሮናል፣ ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። ግን ለሃጩ ልብሴን ከነካ ሳላጥበው ልሰግድበት አልችልም። ጠባብ ደረጃ ላይ ያን የሚያህል ውሻ ፊት ለፊት ሲመጣ የት ልሂድ? ልጄ ውሻ ካየች ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

የእኛ ጎረቤት ያደረገው ይሄ ነው፣ ብትወስጂው ጥሩ ነው። ደረጃ ላይ ማሰሪያውን አሳጥሮ ውሻውን በግድግዳ በኩል ያደርገዋል። ሰው ሲመጣ መታጠፊያው ላይ ያስቀምጠውና እኛ እናልፋለን። የፈጅርና የመግሪብ ሰጋጆች በሚወጡበት ሰዓት አያወጣውም። ደረጃ ላይ ጭቃ ከተወ ራሱ ይወለውላል፣ ከግቢ ሰገራውን በላስቲክ ያነሳል። እኛም ዝም አልነው። አንቺ ስብሰባውን አትጠብቂ። ከዚያ በፊት በየቤቱ ዞረሽ፣ መጀመሪያ ከታች ያሉትን ትልልቅ ሰዎች፣ «ምን አስቸገራችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ቡና አፍልተሽ ብትጠሪያቸውማ በጣም ጥሩ፤ ውሻውን ግን ያን ቀን ቤት አታድርጊው። ሰው ስብሰባ ላይ የሚከረው ቀድሞ ያነጋገረው ሲያጣ ነው።

የቂጦ ልጅ
ኡሙ ሰላም፣ አላህ ይስጥሽ። የሰጋጆቹን ሰዓት አላሰብኩትም ነበር። ከታች የሚኖሩት ሐጂ ሁልጊዜ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ነገ ከእሳቸው እጀምራለሁ። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ክትባቱ አለው፣ ካርዱ ወንድሜ ጋ ነው፣ ፎቶውን እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ።

ማና ቡና፣ በቅንነት እንደተናገርክ ይሰማኛል፣ አልተቀየምኩም። «በር የተዘጋበት ክፍልም ሰንሰለት ነው» ያልከው ሌሊቱን ሲያስጨንቀኝ አደረ። የብቸኝነቱን ነገር መልስ ካላገኘሁለት ያንተን ሐሳብ እንደገና አስብበታለሁ።

ሁለተኛ ዓመት፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የቀድሞ አሠልጣኝ
ልጄ፣ ብዙ ዓመት ውሻ በማሠልጠን ሥራ ላይ ኖሬአለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሁሉም ስለ እግሩ ነገሩሽ፤ እኔ ስለ አፍንጫው ልንገርሽ።

የጀርመን ሼፐርድን እንደ አንድ ዘር ያቋቋመው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የሚባል የጀርመን መኮንን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1899። ዘሩ የተገኘው ከበግ ጠባቂ ውሾች ነው። አጥር በሌለው እርሻ መሐል በጎቹ ሰብል እንዳይገቡ ቀኑን ሙሉ ድንበሩን ይዞ የሚመላለስ፣ እረኛውን የሚያይ፣ የሚያስብ ውሻ ነበር። ሳሎንና መኝታ ቤት መሐል የሚመላለሰው ያንኑ ነው፣ በግ የለውም እንጂ። እንዲህ ያለውን ውሻ በሩጫ ብቻ አደክመዋለሁ ካልሽ በየሳምንቱ የበለጠ እየጠነከረ ይሄዳል፣ አንቺ ነሽ የምትደክሚው። አእምሮውን አሠሪው።

ውሻ ከ200 ሚሊዮን በላይ የማሽተቻ ሕዋስ አለው፤ የእኛ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ነው። ማነፍነፍ ለእሱ ማንበብም መነጋገርም ነው። ስለዚህ ጠዋት ስታወጪው አንድ ግንድ ሥር ቢቆም አትጎትቺው፣ ይጨርስ። ቤት ውስጥ ደግሞ ቁርሱን በሳህን መስጠት አቁሚ። የተቀቀለ ሥጋ ትንንሽ ቁራጭ አድርገሽ አሮጌ ፎጣ ውስጥ ጠቅልይለት፣ ይፍታው። ሲለምድ ሦስት ካርቶን ደርድረሽ በአንዱ ብቻ ደብቂ። ከዚያ እሱ መኝታ ቤት ሆኖ ሳያይ ሳሎን ውስጥ አራት አምስት ቦታ ደብቀሽ «ፈልግ» በይው። ከሶፋ ሥር፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ከጫማ ውስጥ። በመጨረሻ ሥጋውን ትተሽ አንድ ጨርቅ ደብቂ፣ ሲያገኝ ሥጋውን ከእጅሽ ይብላ። ሩብ ሰዓት እንዲህ መሥራቱ ሲያስተኛው ታያለሽ። አሮጌ የቡና ጆንያም ጥሩ መደበቂያ ነው፣ ግን ሐኪሙ እንዳለው ፍሬ እንዳይቀርበት አራግፊው።

አሁን ወደ ልቅሶው። መጀመሪያ ለምን እንደሚያላዝን እወቂ። ስትወጪ አሮጌ ስልክ ካለሽ ቪዲዮ ላይ አድርገሽ ተዪው። እንደወጣሽ ወዲያው የሚያላዝን፣ በሩን የሚቧጥጥ፣ የሚያለከልክ፣ ያስቀመጥሽለትን ሥጋ የማይነካ ከሆነ ብቸኝነት ፈርቶ ነው። ቆይቶ፣ ተኝቶ ተነስቶ ሶፋ የሚግጥ ከሆነ ግን ሥራ ፈትቶ ነው። መድኃኒታቸው ይለያያል። ሥራ ለፈታው የሚጋጥ ነገር ተይለት፦ ክዳኑ የወጣ የላስቲክ ጠርሙስ በሳስተሽ የደረቀ እንጀራና ሥጋ ክተቺበት፣ እያንከባለለ ያውጣው። መጀመሪያ አንቺ ባለሽበት ሞክሪው፤ ላስቲኩን ቆርጦ የሚውጥ ዓይነት ከሆነ ወፍራም ገመድ ቋጥረሽ ስጪው፣ ክሩን መዝዞ የሚውጥ ከሆነም ውሰጂበት።

ለፈራው መውጣትን ማለማመድ ነው። ቁልፍ አንሺና ተመለሺ ተቀመጪ። በር ከፍተሽ ዝጊ። ውጪና ልቅሶ ሳይጀምር ግቢ። ጊዜውን ቀስ እያልሽ አርዝሚ፣ ካለቀሰ የዘለልሽው ደረጃ አለ ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ተመለሺ። ስትወጪ አትሳሚው፣ አታባብዪው፤ ስትገቢም እስኪረጋጋ ቦርሳሽን አስቀምጪ፣ ከዚያ ሰላም በዪው። የተጋጠ ሶፋ ላይ ወስደሽ ብትገርፊው የሚማረው «እሷ ስትመጣ እመታለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ባየሁት ሁሉ ዱላ ውሻ አስተምሮ አያውቅም፣ መደበቅ ያስተምረዋል።

አንድ ቦታም ስጪው። ከሳሎኑ ጥግ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ምንጣፍ አንጥፊና «ቦታህ» በይው። እዚያ ሲተኛ ዝም ብለሽ ሥጋ ጣል አድርጊለት። ጠባብ ቤት ውስጥ የሚኖር ውሻ ከሁሉ በላይ መማር ያለበት ዝም ብሎ መተኛትን ነው፤ ያውም የሚማሩት ነገር ነው፣ ከሌላው ትምህርት ሁሉ ይረዝማል።

ማና ቡና
ጋሼ፣ የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ አቋሜን ለቀቅ አድርጌዋለሁ። እህቴ፣ ካልሰጠሽኝ እሁድ እሁድ ይዘሽው ነይ። ማሳው ውስጥ በረጅም ገመድ ያነፍንፍ። ከውሾቼ ጋር ግን መጀመሪያ ከውጭ መንገድ ላይ እናስተዋውቃቸዋለን፣ ደጃቸው ላይ ከሆነ ይጣላሉ። መዥገር ስላለ ማታ ጆሮውንና ብብቱን ፈትሺ።

የቂጦ ልጅ
ስብሰባው ትናንት ሆነ። ሐጂ ቀድመው ተነስተው «ልጅቷ ቤቴ መጥታ ጠይቃኛለች፣ እንስማት» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የተቆጣ ሰው አልነበረም። ደረጃው ላይ በአጭር ማሰሪያ እንዲሄድ፣ በሰጋጆች ሰዓት እንዳይወጣ፣ የክትባት ካርዱ ቅጂ ኮሚቴው ጋ እንዲቀመጥ ተስማማን። ልቅሶው ካልቀነሰ ግን እንደገና እንነጋገራለን ብለዋል፣ ልክ ናቸው።

ቪዲዮውን አየሁት ጋሼ። ገና ቁልፉን ሳዞር ነው የሚጀምረው፣ ሥጋውንም አይነካም። ስለዚህ እየፈራ ነው። ሶፋው ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው፤ ሁለቱም አለበት መሰለኝ። የቁልፉን ልምምድ ጀምረናል፣ ቁልፍ ሳነሳ አሁን አይነሳም። «ፈልግ» የሚለውን ጨዋታ ግን ብታዩት! ካርቶኖቹን ገና ሳወጣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጨርስ ምንጣፉ ላይ ዝርግት ይላል። ተማሪው ክፍት ሰዓት ባለው ቀን ምሳ ላይ ያወጣዋል፣ ያን ቀን ጎረቤቶቼ ድምፅ አልሰማንም ይላሉ።

የቀረኝ ጥያቄ፦ ተማሪው ፈተና ላይ ሲሆን ምን ላድርግ? ልምምዱ ገና ደቂቃዎች ላይ ነው፣ ሥራዬ ግን ሙሉ ቀን ነው።

የቀድሞ አሠልጣኝ
ጥሩ ጠየቅሽ፣ ብዙ ሰው ልምምዱ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው። ጠዋት አርባ ደቂቃ አለማምደሽው ቀን ላይ ስምንት ሰዓት ሲያለቅስ ከዋለ የገነባሽው ይፈርሳል። እስኪበረታ ድረስ ብቻውን የማይውልበት መላ ፈልጊ። ከብሎኩ ቀን ቤት የሚውልና ውሻ የማይፈራ ሰው ካለ እሱ ጋ ይዋል፤ ምንጣፉን ይዞ ይሂድ፣ «ቦታህ» የሚለውን እዚያም ያውቀዋል። ያ ካልተገኘ ምሳ ሰዓትሽን ከፍለሽ ግቢ። አማራጭ ስታጪ ብቻ፣ ብቻውን የሚውልበት ቀን ላይ የልምምዱን ምልክት አትጠቀሚ፦ ሌላ ጫማ አድርጊ፣ ራዲዮ ክፈቺ፣ ቁልፉን ከውጭ አውጪ። የልምምዱ ቀንና የልቅሶው ቀን በአእምሮው እንዳይቀላቀሉ ነው።

ኡሙ ሰላም
ከፎቅሽ በላይ ወይም በታች ጡረተኛ የለም? የእኛ ብሎክ ውሻ ቀን ቀን የሚውለው አንድ ልጆቻቸው የሄዱባቸው እናት ዘንድ ነው፤ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት።

የቂጦ ልጅ
አንደኛ ፎቅ አንድ እትዬ አሉ፣ መብረቅ ሲያልፍ በሩን ከፍተው ያዩታል። ዛሬ ማታ አነጋግራቸዋለሁ።